ዙልፋ እምቢ ብላለች

ዙልፋ የባሏን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እምቢ ማለቷን የሰማችው ሐሙስ ጧት ከወልድያ በተደወለ ስልክ ነው። ስልኩ የእሷ ሳይሆን የጀብሪል ነበር። ጀብሪል በመስኖ ውሃ ተራ የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቅ በማለዳ ወደ ግራና ከተማ ሲወጣ፣ ባትሪው ስላለቀበት ሶኬት ላይ ሰክቶ ትቶት ሄዷል። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኾ ዘጋ። ዙልፋ የባሏን ስልክ አንስታ አታውቅም፤ በአራተኛው ግን ጂዳ ያለችው ልጃቸው ነኢማ ትሆን ይሆናል ብላ አነሳችው። ዶክተር ይታገሱ ነኝ አለ ደዋዩ። የአቶ ጀብሪል ባለቤት መሆኗን ጠየቀ፤ መሆኗን ሲያውቅ፣ ድንጋይ ካነሳ ሰው ጋር እንደሚነጋገር ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ውሳኔዋን እንደሚያከብር፣ የቤተሰብ ጭንቀት እንደሚገባው፣ ነገር ግን የተመለሰው ካንሰር ገና ወደ ሌላ ቦታ ስላልተዛመተ ቀዶ ሕክምናው ሊደገም እንደሚችል፣ አዲስ አበባ የተያዘው ተራ የሚቆየው እስከ ሰኞ ብቻ እንደሆነና ከዚያ ለሌላ ሕመምተኛ እንደሚያልፍ አስረዳ። እባክዎ አንድ ጊዜ እንደገና ያስቡበት አላት።

«እኔ ነኝ የማስበው?» አለች ዙልፋ።

«እምቢ ያሉት እርስዎ አይደሉ?» አለ ዶክተሩ።

ለጊዜው የመጣላት መልስ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነበር። እሱን ብላ ዘጋችና ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ወንበር በቤቱ ሞልቷል። መርሳ ከተማ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ያለው የእነ ጀብሪል ሳሎን መኖሪያ ቤት አይመስልም፤ የተጣላ ሰው ብቻውን ስለማይመጣ፣ ግድግዳውን ተከትለው ሃያ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጀብሪል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሐብሩ ወረዳን ሰው ሲያስታርቅ ኖሯል፤ የወሰን ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ አንዳንዴም ደም። ሀብቱ ድምፁ ነው። ዝቅ ሲያደርገው የተቆጣ ሰው ለመስማት ጆሮውን ሲያቀርብ ቁጣውን ይረሳል፤ ከፍ ሲያደርገው ከመንገድ ማዶ ሻሂ ቤት ያሉት ብርጭቋቸውን ያስቀምጣሉ። የዙልፋ ሥራ ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ለተጣሉት ሻሂ ማፍላት ነው። ማን እንደዋሸ፣ ማን የሆዱን እንዳልተናገረ፣ የትኛው እርቅ በስንት ወሩ እንደሚፈርስ ከጀብሪል ቀድማ ታውቃለች። የጠየቃት ስለሌለ ግን ተናግራው አታውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ከጀብሪል የምግብ ቧንቧ የታመመውን ክፍል ቆርጠው አውጥተው፣ ጨጓራውን ወደ ላይ ስበው ገጥመውለት ነበር። ያኔ ድምፁ ሦስት ወር እንደ ደረቀ የበቆሎ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ከርሞ በስንት ዱዓ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ የበሽታው ስም በዚያ ቤት አልተጠራም። ዘንድሮ መክሳቱን አይታለች፤ ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጥብባለታለች። ስትጠይቀው ጨጓራ ነው ይላታል። እህል ስታቀርብ ሽምግልና ላይ በልቻለሁ ይላል። ሽማግሌ የሄደበት ቤት ሁሉ ያበላዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ የትም ሳይበላ ወር ቢከርም የሚጠረጥረው የለም። ባለፈው ወልድያ የሄደውም ለጨጓራው ኪኒን ብሎ ነው። ምንም የለብህም አሉኝ ብሎ በተመለሰበት ምሽት አንዲት ጉርሻ ገንፎ ሩብ ሰዓት ሲያላምጥ፣ እሷ ግድግዳውን እያየች እራታቸውን ጨርሰው ነበር።

አላለቀሰችም። የሻሂውን እሳት አጠፋች፣ ሻሏን ደረበች፣ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤቷ ለለይላ ሰጠች። ለይላ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀቻት። ዙልፋ ወልድያ ላይ እምቢ ብያለሁ አሉ፣ ደርሼ ልየው አለቻት። ለይላ ምንም አልገባትም፤ ዙልፋ ግን ከቤት ወጥታ ወዴት እንደምትሄድ ስትጠየቅ ይህን ያህል ረጅም መልስ ሰጥታ ስለማታውቅ ቁልፉን ተቀበለች።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ቆመ። ሲሞላ ደግሞ ረዳቱ ሁለት ሣጥን ፓፓያ ጨመረ፤ አንዱን ሣጥን የዙልፋ ጉልበት ተሸከመው። አጠገቧ የተቀመጠችው ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች፤ ነሲባ እባላለሁ አለቻትና ሳትጠየቅ የቤቷን ታሪክ ጀመረች። ባሏ ጥርሱን አሞት ሦስት ሳምንት ቤቱን በጩኸት ሲያምስ ከርሟል፤ ወልድያ ሄዶ ይነቀል ሲባል ግን አልሄድም አለ። በመጨረሻ አጎቶቹን ልካ ነው ያስወሰደችው። ወንድ ልጅ አለች ነሲባ፣ ጦርነት በግርግር ይሄዳል፤ ጥርስ ለመነቀል ግን ሦስት ሽማግሌ ይፈልጋል። ዙልፋ ይህችን ቃል ሲሪንቃን አልፈው ወልድያ እስኪገቡ ድረስ ስታመነዥካት ቆየች። ሐብሩ ውስጥ ሽማግሌ ያጣ ሰው የለም። ሽማግሌ ተልኮበት የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር የእሷ ባል ነው፤ ሽማግሌው እሱ ስለሆነ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቁጥር ይዛ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ስሟ ተጠርቶ ስትገባ ዶክተር ይታገሱ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ከጀርባዋ ሌላ ሰው ይገባ እንደሆነ በሩን አየ። ወጣት ነው፤ ነጭ ካፖርቱ ትከሻው ላይ ይሰፋዋል። የአቶ ጀብሪል ባለቤት እርስዎ ነዎት ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ዙልፋ አጭር ናት፤ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬቱን በጫፉ ብቻ ነው የሚነካው። ዶክተሩ የሕመምተኛውን ፋይል ገለጥ አድርጎ ከእሷ ጋር የሚያመሳክር መሰለ። ጀብሪል በነገረው መሠረት ሚስቱ ቀዶ ሕክምናውን በሰማች ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች፤ ስትነቃ አንድ ጊዜ የተቀደደ ሁለተኛ አይቀደድም ብላ በሩ ላይ ተጋድማለች፤ ካልሰማት ጥላው ግራና አባቷ ቤት እንደምትገባም ምላለች። የዙልፋ አባት ከሞቱ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ቤቱም ተሽጦ ወፍጮ ሆኗል። ዙልፋ ይህን ሁሉ ሩቅ አገር ስላለች አንዲት ኃይለኛ ዘመዷ የሚወራላት ይመስል በጥሞና አዳመጠች። ሴትየዋን ትንሽ ወደደቻት።

ባሏን ለሰው አሳልፋ አልሰጠችም። «ያኔ አልገባኝም ነበር» አለች። «አሁን እምቢታዬን አንስቻለሁ። ምንም እንደማያውቅ ሰው አርገህ አስረዳኝ።»

ዶክተሩ ወረቀት ስቦ ሥዕል ሣለ። ከላይ ጉሮሮ፣ ከታች ከአራት ዓመት በፊት ወደ ላይ የተሳበው ጨጓራ፣ በመካከላቸው የተገጠሙበት ቦታ። በሽታው የተመለሰው እዚህ መጋጠሚያው ላይ ነው ብሎ በእስኪሪብቶ አጠቆረው። ሳንባው፣ ጉበቱ ንጹሕ ነው። እንደገና ከፍተው፣ መጋጠሚያውን ቆርጠው አውጥተው፣ ከትልቁ አንጀት ቁራጭ ወስደው አዲስ መንገድ ይሠሩለታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የቀድሞው ጠባሳ ያስቸግራል፤ ከእንዲህ ያለው ጠረጴዛ ላይ የማይነሱም አሉ፣ አልዋሽዎትም አለ። ካልተደረገ ደግሞ ወራት ናቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ውሃም አያልፍም። ከዚያ እስኪሪብቶውን በሥዕሉ ጎን አሂዶ ቀጭን መስመር ጨመረ። የድምፅ ነርቭ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው፤ ሲነካ ድምፅ ይሰልላል፣ ምናልባት ለሁልጊዜው።

ዙልፋ ይህን የመጨረሻውን ለባሏ ነግሮት እንደሆነ ጠየቀችው።

«የጠየቁኝ እሱን ብቻ ነው» አለ ዶክተሩ። «ስለ ሞት አንድ ጊዜም አልጠየቁኝም።»

ዙልፋ ሥዕሉን አጥፋ በሻሏ ጫፍ ቋጠረችና ባጃጅ ይዛ ወደ ተስፋይ ሱቅ ሄደች። ተስፋይ ወልድያ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ከትግራይ የመጡ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከሓለፎም ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፈው ያስታረቃቸው ጀብሪል ነው፤ በክፉውም ጊዜ የሱቁን ቁልፍ ተቀብሎ ከአንድ ብሎን በቀር ሳይጎድል ያስረከበው እሱ ነው። የጎደለችውንም ብሎን ጀብሪል ሲፈልጋት ኖሮ ባለፈው ዓመት አምጥቶለታል። ዙልፋ ብቻዋን ወደ ሱቁ ስትገባ ተስፋይ ሰው የሞተ መስሎት ተነሥቶ ቆመ። ማንም እንዳልሞተ፣ ጀብሪል ግን ለመሞት እየተዘጋጀ መሆኑን ነግራ ሥዕሉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችለት። ተስፋይ መነጽሩን አድርጎ እያገላበጠ አየው፤ ከዶክተሩ ይልቅ እሱ ቶሎ ገባው። መጋጠሚያ አለ፣ ሁልጊዜ የሚያስቸግረው መጋጠሚያ ነው፤ ቧንቧማ ምን ይሆናል። በተበላሸ መጋጠሚያ ላይ መለጠፍ አያዋጣም፣ ተቆርጦ በአዲስ ነው የሚቀየረው፤ ዶክተሩ ሥራውን ያውቃል። ይህን ሁሉ ሲናገር ባለሙያ ይመስል ነበር። ጨርሶ መነጽሩን ሲያወልቅ ግን ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ሱቁን ለሚስቱ ለብርኽቲ ትቶ የፒክአፑን ቁልፍ አነሣ።

መርሳ ሲደርሱ ሸህ ኡበይደላን ከመስጊዱ ደጃፍ አገኟቸው። ሸህ ኡበይደላ የጀብሪል የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ እውቀታቸው ብዙ፣ ዓይናቸው ግን ሞራ ለብሶ ሰውን ከጥላ አይለዩም። ተገፎ እንደሚወጣ ሐኪም ከነገራቸው ሦስት ዓመት ሆኗል፤ እያሰብኩበት ነው ይላሉ። ወደ ፒክአፑ ቀርበው ከኋላ ቆሞ ለተጫነው የሲሚንቶ ከረጢት ሰላምታ ሰጥተው፣ ስለ ቤተሰቡ ደኅንነትም ጠይቀው ነው የገቡት። ሦስተኛው ሽማግሌ ፈይሩዝ ሆነ። ፈይሩዝ መምህር ነው፤ ጀብሪል ሽምግልና የሚያስተምረው፣ ጀብሪል የሚለውንም በደብተር የሚጽፍ። ዙልፋ ጉዳዩን ነገረቻቸው። ከዚያ ሸህ ኡበይደላ ጀብሪልን የሚያሸንፍ ሽማግሌ ሐብሩ ውስጥ የለም አሉ። ፈይሩዝ ደብተሩን ገለጠና፣ ጋሼ ራሳቸው ያስተማሩት አለ ብሎ አነበበ፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም፤ የቆመ ሰው ልብ ያራራል።

ጀብሪል ከዓስር ሶላት በኋላ በደስታ ተመለሰ፤ ወንድማማቾቹ ታርቀዋል። ውሃቸውን በሌሊትና በቀን ከፍሎላቸው፣ ሌሊቱን ማን ይውሰድ በሚለው እንደገና ሲጣሉ በሳምንት እየተቀያየሩ እንዲወስዱት አስማምቷቸው ነው የመጣው። ይህን ለዙልፋ ሊተርክላት ገና አፉን ሳይከፍት ሁለቱ አሰላሙ አለይኩም ብለው፣ ተስፋይም ጤና ይስጥልኝ ብሎ በሩን ሞልተው ገቡ። ጀብሪል አንድ ጊዜ አያቸው። ሃያ ሁለት ባዶ ወንበር እያለ ሦስቱም ቆመዋል። ወዲያው ገባው። ቀስ ብሎ በራሱ ቦታ ተቀመጠ፣ ትራሱን ወደ ጀርባው ሳበና ተደላደለ፤ ተቀመጡም አላላቸውም። ዙልፋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ይህን አይታ፣ ጉዳዩ ረጅም እንደሚሆን አውቃ ሻሂውን ጣደች።

ጀብሪል በጤና ጥያቄ ጀመረ። የሸህ ኡበይደላን ጉልበት ጠየቀ፣ የተስፋይን ወገብ ጠየቀ፣ የፈይሩዝን ተማሪዎች ውጤት ክፍል በክፍል ጠየቀ። ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ሽንኩርት ወልድያ ላይ ስንት እንደገባ ጠየቀ፤ ተስፋይ ኪሎው ስንት እንደሆነ ሲነግረው በጣም ተገረመና ቲማቲሙስ አለ። ሩብ ሰዓት አለፈ። የሸህ ኡበይደላ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ተስፋይ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዘዋውራል፤ ፈይሩዝ ብቻ እንደ ትምህርት ቤት የባንዲራ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመጨረሻ ሸህ ኡበይደላ ከአላህ በታች የሰውን ነፍስ ስለሚጠብቀው ሰበብ፣ አላህ ለመዳን ስላደረገው ምክንያት፣ ተናገሩ፤ ሕክምናም ሰበብ መሆኑን፣ ሰበብን እምቢ ማለት ትዕቢት መሆኑን፣ አዲስ አበባ የሚጠብቀው ተራ ሰኞ እንደሚያልፍ ተናገሩ። እስክትፈቅድልን አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም አሉ። ጀብሪል እኔም አልቀምስም፣ አይወርድልኝም፤ እንግዲህ ማን እንደሚበረታ እናያለን አላቸው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ሲል ሦስቱም ሳያውቁት ወደ እሱ ጎነበሱ። እኔ በበኩሌ ለቢላዋ ዝግጁ ነበርኩ አለ። ምን ላድርግ፣ ቤት አለኝ፤ ዙልፋ አልቻለችም። በሰማችበት ቀን ራሷን ስታ ወደቀች። በሩ ላይ ተጋደመችብኝ። ሴት ልጅ በእንባዋ ስትይዝህ ታልፋለህ? አሉ አይደል ዑለማዎቹ፣ የሚስት ሐቅ ከባድ ነው። እንዲያ በሚያምር ድምፅ ሲተርከው፣ እውነቱን ከራሷ አፍ የሰሙት ሦስቱ ሽማግሌዎች እንኳ ለአፍታ አዘኑላት። መጋረጃው ጀርባ ያለችውን ዙልፋንም ያቺ የወደቀች ሴት ትንሽ አሳዘነቻት።

ተስፋይ ቀድሞ ነቃና፣ ወይዘሮ ዙልፋ ዛሬ ወልድያ ሄደው ዶክተሩን አነጋግረዋል ብሎ ሊጀምር ሲል ጀብሪል አላስጨረሰውም። ወደ ሸህ ኡበይደላ ዞረ። ለመሆኑ የዓይንዎ ነገር የት ደረሰ አላቸው። ሸህ ኡበይደላ ዛሬ የመጣነው ለዚያ አይደለም አሉ። ሕክምና ሰበብ ነው፣ ሰበብን እምቢ ማለት ትዕቢት ነው ያሉኝ አሁን እርስዎ አይደሉም ወይ አለ ጀብሪል። እርስዎ ዓይንዎን ይገፈፉና እኔም ጉሮሮዬን እቀደዳለሁ። ፈይሩዝ ይህን ሰምቶ፣ በእውነቱ ይህን ነገር እኛም ልናነሣው አስበን ነበር አለ። ተስፋይም የሲሚንቶው ከረጢት ትዝ አለውና እውነት ነው ሸህ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም አሉ አለ። ለአንድ ሰው የተላኩት ሽማግሌዎች ፊታቸውን ወደ ራሳቸው ሽማግሌ አዞሩ። ጀብሪል ከተቀመጠበት ሆኖ ሽምግልናውን ይመራል፤ ሸህ ኡበይደላ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ እያሰብኩበት ነው፣ ክረምቱ ይለፍ እያሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ግድግዳ መስሏቸው የተደገፉት መጋረጃ ነበር።

መጋረጃው ከነሽቦው ወረደ። ዙልፋ የሻሂ በራዱን ጥላ ሸህ ኡበይደላን በጋቢያቸው ያዘቻቸው፤ ሁለቱም እየተንገዳገዱ ሳሎኑ መሃል ገቡ። ሸህ ኡበይደላ የያዛቸው ፈይሩዝ መስሏቸው አላህ ይስጥህ ልጄ አሉ። ማንም አልሳቀም። ጀብሪል ሚስቱን አያት፤ ትራሱ ከጀርባው ወደቀ።

«ዙልፋ» አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምሽው?»

«አርባ አንድ ዓመት ሆነኝ» አለች ዙልፋ።

ከዚያ ሸህ ኡበይደላን ወደ ወንበር መርታ፣ እንዳይቀመጡ ቃል መግባታቸው ትዝ ብሏት ከአጠገቡ አቆመቻቸውና ወደ ባሏ ዞረች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ከፍ ያለ ድምፅም አልነበረም፤ ለሻሂ ስኳር ስንት እንደሚሆን በምትጠይቅበት ልክ ነው የተናገረችው።

«በስሜ እምቢ ብለዋል» አለችው። «ደግ አደረጉ። እምቢ ማለት እንደምችል አላውቅም ነበር። እንግዲህ አሁን በራሴ አፍ እምቢ ብያለሁ። ጨጓራ ነው እያሉኝ፣ በየሰው ቤት በላሁ እያሉኝ፣ እዚህ እፊቴ እንደ ሻማ ሲያልቁ ቁጭ ብዬ ሱሪ አላጠብብም። እምቢ።»

ጀብሪል የሚመልሰው ነገር ለማግኘት ሦስቱን ሽማግሌዎች አያቸው፤ ሦስቱም መሬት መሬቱን እያዩ ነው። ሲናገር ያ የሚያምረው ድምፅ አልነበረም፤ የታመመ ሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ሞቱን አልፈራሁም» አለ። «ድምፄን ይወስዱታል። ድምፄ ከሄደ እኔ ምንድን ነኝ? ማን ይመጣል እዚህ ቤት?»

«እኔ እዚህ ቤት ያለ ድምፅ ኖሬያለሁ» አለች ዙልፋ። «አይገድልም።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች። «ድምፅዎ ለሐብሩ ሰው ነው። እኔ መምጣትዎን የማውቀው በእግርዎ ኮቴ ነው።»

ጀብሪል ጫማውን አየ። ተሸንፎ ስለማያውቅ የተሸነፈ ሰው ምን እንደሚል አያውቅም፤ ሲፈልግ ሲፈልግ በመጨረሻ ራሱ ስንቱን ሰው ያስባለውን አንዲት ቃል አገኘ።

«ተቀመጡ» አላቸው።

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተቀመጡ። ሸህ ኡበይደላ አልሐምዱሊላህ ብለው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። ፈይሩዝ ግን ደብተሩን አውጥቶ የሸህ ኡበይደላ የዓይን ቀን መቼ እንዲሆን ጠየቀ። ሸህ ኡበይደላ ኢንሻአላህ ሲሉት፣ ጋሼ ያስተማሩን ቀን የሌለው ኢንሻአላህ እምቢታ ነው ብለው ነው አለና ብዕሩን ይዞ ጠበቃቸው። ጀብሪል በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ አሳለው፤ ዙልፋ ጀርባውን ይዛ እስኪያልፍለት ጠበቀች። ማታ ሽማግሌዎቹ እራት በሉ። ጀብሪል የቀዘቀዘ አጃ በማንኪያ እየለቀመ አብሯቸው ተቀመጠ። የግራናዎቹን ወንድማማቾች ታሪክ ሲተርክላቸው ዙልፋም ሳሎኑ ውስጥ፣ ከሃያ ሁለቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣ ሰማችው።

ቅዳሜ ተስፋይ በፒክአፑ እስከ ደሴ አደረሳቸው፤ ከዚያ በአውቶቡስ ሄደው ሰኞ ጧት አዲስ አበባ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ዙልፋ በዘጠኙ ሰዓት ውስጥ ከኮሪደሩ አግዳሚ የተነሣችው ለሶላት ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ሲወጡ የቆረጡት ጠርዝ ንጹሕ መሆኑን፣ የቀረውን ጊዜ እንደሚነግራቸው፣ በየሦስት ወሩ መታየት እንዳለበት ነገሯት። ዐሥር ቀን በጎን በገባ ቱቦ ተመገበ። በዐሥራ አንደኛው አንድ ማንኪያ ውሃ በአፉ ሰጡት፤ ውሃው ሲወርድ እሱም እሷም ነርሷም ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ወረደ።

ድምፁ ግን አልመጣም። አፉን ሲከፍት የሚወጣው በር ሥር እንደሚገባ ነፋስ ያለ ነገር ነው። ነኢማ ከጂዳ ደውላ ድምፁን ልስማ ስትል ዙልፋ ስልኩን ከአፉ ጋር አስጠግታ ይዛለት፣ ነኢማም አባባ ሰማሁህ እያለች፣ እሱም ሳትሰማው እንደቀረች እያወቀ ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ለመናገር አልሞከረም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዙልፋን በእጅጌዋ ሳባት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አፉ ላይ አደረገች። ከግራና ከቀኙ የተኙት ሁለት ሰዎች መስኮቱ ይከፈት አይከፈት በሚል ከተኳረፉ አራት ቀናቸው ነበር፤ አንደኛው ሙቀት አልችልም ይላል፣ ሌላኛው ንፋሱ ሳንባዬ ገባ ይላል፤ ነርሶቹም ታክቷቸው ትተዋቸዋል። ጀብሪል ቃል በቃል፣ በእያንዳንዱ ቃል መካከል እያረፈ፣ ነገሩን ሲያጠናው መክረሙን፣ እነዚህ ሰዎች የተጣሉት በመስኮቱ እንዳልሆነ፣ አንደኛው ጠያቂ ስለሚበዛለት ሌላኛው ደግሞ ማንም መጥቶ ስለማያውቅ እንደሆነ ነገራት። እኔ የምልሽን እየሰማሽ ንገሪያቸው አላት።

«ይህንስ በመጡ በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅኩት» አለችው ዙልፋ። ትራሱን አስተካከለችለትና ወንበሯን አንስታ በሁለቱ አልጋዎች መሃል አስቀመጠች። ሻሏን ወደ ትከሻዋ መልሳ ተቀመጠች፤ መጀመሪያ ጠያቂ ወደሌለው ሰው ዞረች፤ አገሩ የት እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው መናገር ሲጀምር ጀብሪል ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ጀመር።